የደጃዝማች ውቤ የልጅ ልጅ በካርድ ላይ

በ2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ድምፃዊ ፖስት ማሎን ለአንዲት ካርድ 2 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። የባንክ ካርድ አይደለችም፤ መዳፍ ላይ የምታርፍ፣ ሥዕል ያለባት ወረቀት ናት። «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» የሚባለው የካርድ ጨዋታ በዚያ ዓመት «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለውን ዝነኛ ልብ ወለድ ገጸ ባሕርያት ይዞ ሲወጣ፣ አሳታሚው አንዲቱ ካርድ በዓለም ላይ አንድ ቅጂ ብቻ እንዲኖራት አድርጎ አተመ። ከዚያ እንደ ማንኛዋም ካርድ በታሸገ ፓኬት ውስጥ ከትቶ ወደ ገበያ ለቀቃት። አንድ ካናዳዊ ፓኬት ሲከፍት አገኛት፤ ድምፃዊው ገዛት።

ይህን ጨዋታ በ1993 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሪቻርድ ጋርፊልድ የሒሳብ ምሁር ነው። ሁለት ሰዎች የየራሳቸውን ካርዶች ይዘው ይገጥማሉ፤ እያንዳንዱ ካርድ የራሱ ኃይል አለው። እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነው። ንግዱ የሚጀምረው ያው ካርድ በሌላ ሥዕል ሲታተም ነው። በዚያው በ2023ቱ እትም ውስጥ «ሶል ሪንግ» የተባለው የቆየ ካርድ በሦስት ልዩ መልክ ወጣ፤ የአንዱ ቅጂ 300፣ የሁለተኛው 700፣ የሦስተኛው 900፣ ሁሉም ተራ ቁጥር የታተመባቸው። በጨዋታው ውስጥ ከተራው ካርድ አንዳች ብልጫ የላቸውም። ኃይላቸው ያው ነው፣ ሕጋቸው ያው ነው። የተለወጠው ሥዕሉና ጥጉ ላይ ያለው ቁጥር ነው። ዋጋው ግን ሰማይና ምድር ነው።

ፖኬሞን ደግሞ ከዚህ የበለጠ ሰፊ ነው። ካርዱ በጃፓን ከወጣበት ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ75 ቢሊዮን በላይ መታተሙን ባለቤቱ ኩባንያ ይናገራል። እዚያም ልዩ እትም አለ። በአምስተርዳም የሚገኘው የቫን ጎ ሙዚየም በ2023 ከፖኬሞን ጋር ተባብሮ፣ ፒካቹ የተባለችውን ቢጫ ፍጥረት ሠዓሊው ራሱን በሣለበት አኳኋን፣ ባርኔጣ አድርጋ የምትታይበትን ካርድ ለጎብኚ ማደል ጀምሮ ነበር። ግፊያውና የቸርቻሪዎቹ ሽሚያ ስለ በዛ፣ ሳምንታት ሳይቆይ ለጎብኚና ለሠራተኛ ደኅንነት ሲል እደላውን አቋረጠ። ሌላም ዓይነት አለ፤ ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው እርሱ ነው። ፍጥረቱ ብቻውን ሳይሆን ከአሠልጣኙ ጋር፣ ከያዘውና ከሚያሳድገው ሰው ጋር አብሮ የሚታይበት ካርድ። በእንግሊዝኛው እትም ከ2022 ጀምሮ ራሱን የቻለ ክፍል ተሰጥቶት ነበር። ሰብሳቢዎች በጣም ይወዱታል፤ ፍጥረቱ ታሪክ ያለው፣ የሆነ ሰው የሆነ ያስመስለዋል።

ይህ ሁሉ ለብዙ ኢትዮጵያዊ የጠገበ አገር ልጆች ቅንጦት ይመስላል። ደባርቅና ዳባት ያደገ ልጅ የሚያውቀው ቆርኪ መሰብሰብን፣ ተፍቆ የተጣለ የሞባይል ካርድ መደርደርን፣ ከማስቲካ ጋር የሚመጣ የኳስ ተጫዋች ሥዕል መለዋወጥን ነው። ነገር ግን በታዋቂ ሰው ፊት ካርድ ማተም፣ ያንኑ ፊት በልዩ ልዩ ልብስና አቋቋም ደጋግሞ መሸጥ፣ ሕዝቡም በአልበም እንዲሰበስበው ማድረግ ከፖኬሞን በፊት 130 ዓመት ያህል የቆየ ንግድ ነው። ያን ጊዜ ከታተሙት ፊቶች አንዱ ደግሞ የሰሜን ደም ያለበት ሕፃን ነው። እናቱ የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ልጅ ናት።

*

ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንካበርና በጨነቅ አድርጎ፣ የቧሂትን በር ተሻግሮ የሚወርደው መንገድ ጃናሞራ ያደርሳል። ደረስጌ ማርያም እዚያ ናት። ሰሜንንና ትግራይን አንድ ላይ የገዙት ደጃዝማች ውቤ ያሠሯት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ ሊጭኑባት አስበው እንደ ነበረ ይነገራል። ጳጳስ ከግብፅ ያስመጡት፣ አቡነ ሰላማን ያስገቡት እርሳቸው ናቸው። ቀቢውም፣ ቤቱም፣ ድግሱም ተሰናድቶ ነበር ማለት ነው።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. የቋራው ካሣ እዚያው ደረስጌ ላይ ውቤን ድል አደረገ። ከጥቂት ቀን በኋላ በውቤ ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጡት ጳጳስ እጅ፣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ውቤ እስረኛ ሆኑ። ዳሱ የአንዱ፣ ሙሽራው ሌላው።

ከዓመታት በኋላ ቴዎድሮስ የእስረኛውን ልጅ ጥሩወርቅ ውቤን አገቡ። ጋብቻው የተሳካ አልነበረም፤ የታሪክ ጸሐፊዎች በዚህ ብዙም አይለያዩም። አባቷ ከእስር ሳይወጡ ሞቱ። ከጋብቻው በ1853 ዓ.ም. ዓለማየሁ ተወለደ። (በነገራችን ላይ የእቴጌ ጣይቱ አባት ራስ ብጡል የውቤ ወንድም ናቸው። ስለዚህ ጥሩወርቅና ጣይቱ የወንድማማች ልጆች ናቸው፤ የመቅደላዋ እቴጌና የዓድዋዋ እቴጌ ከአንድ ቤት የወጡ መሆናቸው በትምህርት ቤት መጻሕፍት ብዙ አይነሣም።)

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀ፤ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጡ። የጄኔራል ናፒየር ጦር የዘረፈውን ዕቃ በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ሲመለስ እናትና ልጅን አብሮ ወሰደ። ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ታመው ሞቱና እንደርታ ጨለቆት ተቀበሩ። ሕፃኑ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ አባቱንም እናቱንም አጣ። ሰባት ዓመት ገና መሙላቱ ነበር። በካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ሞግዚትነት ባሕር ተሻግሮ በዚያው ክረምት እንግሊዝ ደረሰ። ስፒዲ ቁመቱ እንደ ዋርካ የሆነ፣ ጢሙ ቀይ፣ አማርኛ የሚያውቅ፣ ቀደም ሲል በቴዎድሮስ ዘንድ ወታደር ያሠለጥን የነበረ ሰው ነው። አበሾቹ «ባሻ ፈለቀ» ይሉት ነበር።

ንግሥት ቪክቶሪያ ልጁን ያየችው በዋይት ደሴት ባለው በኦዝቦርን ቤተ መንግሥቷ ነው። እዚያችው ደሴት ላይ ደግሞ የዘመኑ ሁለት ታላላቅ ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። አንዷ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሩን ናት፤ የፎቶግራፍ ታሪክ የሚያስተምር ሁሉ ስሟን ይጠራል። ሌላው ለንጉሣዊው ቤተሰብ የሚሠራው ጃቤዝ ሂዩዝ ነው። ሁለቱም ልጁን አነሡት።

አሁን ወደ ካርዱ እንመለስ። በ1854 እ.ኤ.አ. ዲስዴሪ የተባለ ፈረንሳዊ በፓሪስ አንድ ፈጠራ አስመዘገበ፤ በአንድ የመስታወት ሰሌዳ ላይ በርካታ ትንንሽ ፎቶዎችን ማንሣት፣ ቆራርጦ በጠንካራ ወረቀት ላይ መለጠፍ። «የጉብኝት ካርድ» ተባለ። ፎቶ እስከዚያ ድረስ የባለጸጋ ነገር ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን የሱቅ ዕቃ ሆነ። በ1860 ሜያል የተባለ አንሺ የንግሥት ቪክቶሪያንና የቤተሰቧን ፎቶዎች በዚህ መጠን አውጥቶ ሲሸጥ እንግሊዝ አበደች። የንጉሥ፣ የጄኔራል፣ የተዋናይ፣ የጳጳስ ካርድ በየጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ መስኮት ተደረደረ። ሰዎች ይገዛሉ፣ ይለዋወጣሉ፣ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ አልበም ይሰካሉ። አንድ ታዋቂ ሰው በአንድ አቋቋም ብቻ አይሸጥም፤ ተቀምጦ፣ ቆሞ፣ የጦር ልብስ ለብሶ፣ ከሚስቱ ጋር። ያው ሰው፣ ሌላ ካርድ።

መጠኑን ተመልከቱት። የዚያ ዘመን ካርድ ወርዱ 64 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 100 ሚሊሜትር ያህል ነው። የዛሬው የፖኬሞንና የማጂክ ካርድ 63 በ88 ሚሊሜትር ነው። በአንድ ኪስ ይገባሉ።

ዓለማየሁ የገባው ወደዚህ ገበያ ነው። የመቅደላ ዘመቻ የዓመቱ ትልቁ ወሬ ነበር፤ ጋዜጦች ለወራት ሲጽፉበት ቆይተዋል። ሕዝቡ ፊት ማየት ፈልጓል። ቴዎድሮስ ደግሞ በሕይወት ሳሉ የተነሡት ፎቶግራፍ አይታወቅም፤ ያለው የመንገደኞች ንድፍና ከሞቱ በኋላ የተሣለው ነው። ስለዚህ የአባቱን ፊት የፈለገ ሁሉ የልጁን አገኘ። ልጁ በአገሩ ልብስ ብቻውን ተነሣ። ከስፒዲ ጋር ተነሣ፤ ስፒዲም የሐበሻ ልብስ ለብሶ። ቆየት ብሎ በእንግሊዝ ልጆች ሱፍ ተነሣ። ካሜሩን ሥራዎቿን በባለቤትነት የምታስመዘግብና በለንደን ነጋዴዎች በኩል የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ከልጁ ፎቶዎች ሥር የሰፈረው ርዕስ ስሙን «ደጃች ዓለማየሁ» ካለ በኋላ «የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ» ይላል። ከእነዚህ ፎቶዎች በካርድ መጠን የተባዙት ዛሬም በጨረታ ቤቶች ብቅ ይላሉ።

ከላይ የተነገረውን የፖኬሞን ልዩ እትም፣ ፍጥረቱ ከአሠልጣኙ ጋር የሚታይበትን ካርድ እዚህ ላይ ማስታወስ ደስ አይልም። ግን የስፒዲና የዓለማየሁ ፎቶ ያንኑ ሥራ ነው የሚሠራው። ግዙፉ ሰው የልጁን አገር ልብስ ለብሷል፤ ልጁ ከአጠገቡ ነው። ተመልካቹ የሚያነበው «ተይዞ መጣ» የሚል ሳይሆን «አሳዳጊ አገኘ» የሚል ታሪክ ነው። ለስፒዲ ክፉ መሆን አያስፈልግም፤ ልጁ በጣም ይወደው እንደ ነበረ፣ ከእርሱ ተለይቶ መተኛት እንኳ ይፈራ እንደ ነበረ ተጽፏል። ካርዱ የዋሸው ስለ ፍቅሩ አይደለም። ልጁ ለምን ሌላ የሚያቅፈው እንዳጣ ባለመናገሩ ነው።

«የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ» የሚለው ርዕስም ሐሰት የለበትም፤ ግን ጎዶሎ ነው። ለእንግሊዛዊ ገዥ ጥሩወርቅ ውቤ ምን ያደርጉለታል? ሰሜን የት ነው? የሚሸጠው ድል የተደረገው ንጉሥ ነው። ስለዚህ የልጁ ግማሽ፣ የእናቱ ወገን፣ ደረስጌን ያሠሩት አያቱ፣ ሁሉም ከካርዱ ውጭ ቀሩ። ልጁን ሰው ከመሆን አውጥቶ ገጸ ባሕርይ ያደረገው ይህ ነው። ሰው ሁለት ወላጅ አለው፤ ገጸ ባሕርይ ግን አንድ መስመር ርዕስ ይበቃዋል።

*

ይህን የእንግሊዞች ክፋት ብቻ አድርጎ መተው ቀላል ነበር። ነገር ግን በአንዱ ፊት ላይ የሌላውን ታሪክ ማተም እዚህም ቤት ያለ ነገር ነው፤ በቴምብር።

የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ቴምብሮች በ1894 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ታተሙ። ቀራጩ ዩጂን ሙሾን ነው። ሰባት ነበሩ፤ አራቱ የምኒልክን ፊት፣ ሦስቱ የይሁዳን አንበሳ ይዘዋል። ብዙም ሳይቆይ እነዚሁ ቴምብሮች ላይ በማኅተም «ኢትዮጵያ» በፈረንሳይኛ፣ ቀጥሎ «ቦስታ» በአማርኛ፣ ቀጥሎም ሌላ ቃል እየተመታባቸው ወጡ። ያው ምኒልክ፣ ሌላ ማኅተም። የአውሮፓ ሰብሳቢ እያንዳንዱን እንደ ልዩ እትም ይገዛ ነበር፤ አስመሳይ ማኅተም የሚመቱ አታላዮችም አልጠፉም።

ምኒልክ ላይ የተመታው የአገልግሎት ቃል ስለሆነ ብዙ አይከፋም። የ1922 ዓ.ም. ግን ሌላ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ዐሥር ዓይነት ቴምብር ወጥቶ ነበር፤ በአንዱ ንግሥት ዘውዲቱ፣ በቀጣዩ ራስ ተፈሪ፣ እየተፈራረቁ። መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ተፈሪ ንጉሥ ሲባሉ የእርሳቸው ፊት ባለባቸው አምስቱ ላይ የንግሥ ማኅተም ተመታ። እሺ፤ ፊቱም የእርሳቸው፣ በዓሉም የእርሳቸው ነው። መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ዘውዲቱ ዐረፉ። በማግስቱ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ንጉሠ ነገሥትነታቸው ታወጀ። ለዚህ መታሰቢያ በዐሥሩም ቴምብሮች ላይ የአዲሱ ንጉሠ ነገሥት ስምና የዕለቱ ቀን ተመታባቸው። በዐሥሩም፤ የዘውዲቱ ፊት ባለባቸው ጭምር። የሟቿ ንግሥት ፊት ከሞታቸው በማግስቱ ያለውን ቀንና የተኪያቸውን ስም ተሸክሞ ደብዳቤ ላይ ተለጠፈ።

የፖስታ ቤቱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም፤ የታተመ ወረቀት አይጣልም፣ አዲስ እስኪመጣ በነበረው መሥራት ነው። ከዚህ የተለየ ተንኮል ነበር ማለት አይቻልም። ነገር ግን ያችን ቴምብር በእጁ የያዘ ሰው ደረስጌን ሳያስብ አይቀርም። የውቤ ቤተ ክርስቲያን፣ የውቤ ጳጳስ፣ የካሣ ንግሥ። ኢትዮጵያ ውስጥ ልዩ እትም ማለት አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው፦ የነበረውን ሳይቀይሩ በላዩ ላይ ስም መምታት።

ቴዎድሮስ ራሳቸው ከሞቱ በኋላ ይህ ደርሶባቸዋል። እውነተኛ ፎቶ የሌላቸው ሰው እንደ እርሳቸው ብዙ መልክ ያለው ማነው? ሹሩባቸውን ተሠርተው ከአንበሳ ጋር፣ ጦር ይዘው፣ ሽጉጣቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው። ጎንደር ላይ ሐውልት ናቸው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በስማቸው ያለው አደባባይ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ቆሞበታል። ለንጉሡ ዘመን አንድ ቴዎድሮስ፣ ለደርግ ዘመን ሌላ፣ ለዛሬው የብሔር ክርክር ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ስም በላያቸው መትቶ «ዋናው ይህ ነው» ይላል። አንዱ የአንድነት አባት ይላቸዋል፤ ሌላው እጅና እግር የቆረጡ ይላቸዋል። ሁለቱም ከሕይወታቸው የተወሰደ ነው። የካርድ አሳታሚው ቢያንስ ጥጉ ላይ «ከ300 ይህ 17ኛው ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ገዥው የያዘው ዋናው ሳይሆን ልዩ እትም መሆኑን ያውቃል። በታሪክ ክርክር ውስጥ ግን ያን ቁጥር የሚጽፍ የለም። ሁሉም ልዩ እትሙን እንደ ዋና ነው የሚሸጠው።

ዓለማየሁም አልቀረለትም። በየዓመቱ በሚያዝያና በኅዳር የካሜሩን ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ይዞራል። አሁን አሁን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ቀለም ተቀብቶ፣ ዓይኑ ላይ እንባ ተጨምሮበት፣ አንዳንዴም ጭራሹን ፈገግ እንዲል ተደርጎ ይመጣል። እንባ መጨመር ለምን አስፈለገ? ያ ልጅ በዋናው ፎቶ ላይ አያለቅስም። ዝም ብሎ ነው የሚያየው፣ የደከመ ልጅ እንደሚያይ። ከዚያ በላይ ልብ የሚሰብር ነገር መጨመር አይቻልም። ሥሩ ያለው ጽሑፍም ብዙ ጊዜ የካሜሩንን ርዕስ ይደግመዋል፤ የቴዎድሮስ ልጅ። 150 ዓመት አልፎ በእንግሊዛዊቷ ርዕስ መጥራት ሊያሳስብ በተገባ ነበር። አንድ ሰው ስለ እናቱ ከጻፈ «ንግሥት ጥሩነሽ» የሚል ስሕተት ይጨመርበታል፤ ሰሜንንማ የሚያነሣው የለም።

*

ይህ የሥዕል ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ረጅም ጽሑፍ ባላስፈለገው። ነገር ግን ልጁ እስካሁን አልተመለሰም።

ዓለማየሁ ከስፒዲ ጋር ሕንድ ሄዶ ቆየ፤ ከዚያ ከስፒዲ ለይተው እንግሊዝ አስተማሩት። ራግቢ ትምህርት ቤት ገባ፣ ቀጥሎ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት። አልሆነለትም። በኅዳር 1872 ዓ.ም. ሊድስ ከተማ ውስጥ በሳንባ ሕመም ሞተ፤ 18 ዓመቱ ነበር። ንግሥቲቱ በዊንዘር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ አስቀበረችው። ግድግዳው ላይ የነሐስ ሰሌዳ አኖረችለት፤ ከማቴዎስ ወንጌል እንግዳን ስለ መቀበል የሚናገረው ቃል ተጽፎበታል። ያንን ቃል የመረጠው ሰው ምጸቱን አላየውም ማለት ነው። እንግዳው በእግሩ አልመጣም።

በ2007 እ.ኤ.አ. ፕሬዝዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አፅሙ እንዲመለስ በይፋ ጠየቁ። በ2023 ጥያቄው እንደገና ሲነሣ የቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት መልስ፣ አፅሙን ማውጣት በአቅራቢያው ያረፉትን በርካታ ሰዎች ሳይነካ የሚቻል አይደለም የሚል ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ግን ከስፒዲ ዘሮች በአንዱ እጅ የቆየ የልጁ የፀጉር ዘለላ ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ተሰጠ። ከአራት ዓመት በፊት ደግሞ የአባቱ ፀጉር ከለንደኑ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ተመልሷል። በ2018 የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የመቅደላን ዕቃዎች ለእይታ ሲያወጣ ዳይሬክተሩ ዕቃዎቹ በረጅም ጊዜ ውሰት ለኢትዮጵያ ሊሰጡ ይችላሉ ብለው ነበር። በውሰት። (የዳይሬክተሩ ስም እንደ ስፒዲ ትሪስትራም መሆኑን ታሪክ ያሾፈበት ይመስላል።)

እነዚህን መልሶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የሰብሳቢን ጠባይ ያያቸዋል። ሰብሳቢ ትርፍ ቅጂውን ይሰጣል፣ ያውሳል፤ አልበሙ የሚጎድልበትን አንዷን ግን አይሰጥም። የቤተ መንግሥቱ ምክንያት ሕንጻዊ ነው፣ ምናልባትም እውነት ነው። ቢሆንም ቤተ መንግሥቱ ስለ አጠገብ አስከሬኖች የተናገረውን ያህል ስለ ልጁ ራሱ፣ የት ማረፍ ይገባው እንደ ነበር፣ አልተናገረም። ሕፃኑ እንግሊዝ በደረሰ በሳምንታት ውስጥ ካርድ ሆኗል። ካርድ የት መቀመጥ እንደሚፈልግ ደግሞ ተጠይቆ አያውቅም።

ከኢትዮጵያ በኩልም ጥያቄው ጠንካራ የማይሆንበት አንድ ምክንያት አለ። ይመለስ ሲባል ወዴት? አብዛኛው ሰው መቅደላ ወይም አዲስ አበባ ይላል። የአባቱ አገር ቋራ ነው፤ እናቱ ያረፉት ጨለቆት ነው፤ የእናቱ ወገን ሰሜን፣ አያቱ ያሠሯትና አባቱ የነገሡባት ቤተ ክርስቲያን ጃናሞራ ውስጥ ናት። የዓለማየሁ አባትና አያት በአንድ ቦታ የተገናኙት፣ የልጁ መወለድም ያለዚያ ቀን የማይታሰበው ደረስጌ ላይ ነው። ይህን የሚከራከር ሰው አልተሰማም። ጃናሞራ ለጎብኚ የሚታወቀው በዋልያና በጭላዳ ነው፤ እርሱም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነቱ ጎብኚን ስላራቀ ቀንሷል። ስሙን በዓለማየሁ ታሪክ ውስጥ ያላየ የጃናሞራ ተማሪ ስለ ዊንዘር የሚነሣውን ክርክር የሌላ አገር ወሬ አድርጎ ቢሰማው አይፈረድበትም።

የኢትዮጵያን ጀግኖች በካርድ የማተም ሐሳብ በወጣት ሠዓሊዎች ዘንድ አልፎ አልፎ ይነሣል። ክፉ ሐሳብ አይደለም። ልጆች ካርድ ይወዳሉ፤ ምኒልክንና ጣይቱን፣ ዘርዓይ ድረስንና አበበ ቢቂላን በኪሳቸው ቢይዙ ምንም አይጎዳቸውም። ልዩ እትም ይኑረውም። ግን ቴዎድሮስን የሣለ ሰው ፎቶ እንደሌላቸው፣ ያቀረበው የእርሱ ቴዎድሮስ መሆኑን ቢጽፍ ምን ይከብደዋል? ዘውዲቱን ያተመ ደግሞ የዘውዲቱን ቀን ይጻፍላቸው።

ዓለማየሁ ከታተመ በካሜሩን ፎቶ ይታተም፣ ቀለምና እንባ ሳይጨመርበት፤ የአንሺዋም ስም ይግባ። ስፒዲ ያለበትም ይውጣ፣ መደበቅ አይገባም። ከሥዕሉ ሥር ያለው ቦታ ባዶ አይደለም፤ በተለምዶ የገጸ ባሕርዩ ኃይል የሚጻፈው እዚያ አካባቢ ነው። በኃይሉ ፋንታ ሦስት መስመር ይበቃል። ዓለማየሁ ቴዎድሮስ፣ 1853–1872 ዓ.ም.። እናቱ ጥሩወርቅ ውቤ፣ ከሰሜን፤ ጨለቆት ተቀብረዋል። እርሱ አሁን ያለበት ቦታ፦ ዊንዘር።